ቅቤ ነጋዴው ሽቶ የተቀባ ዕለት

ዱባለ ሠላሳ አንድ ዓመት ቅቤ ሲነግድ አንድም ቀን ሽቶ ተቀብቶ አያውቅም ነበር። ሽቶ ጠልቶ አይደለም፤ ሥራው አይፈቅድለትም። ቅቤ ሲበዛ ሌባ ነው፤ አጠገቡ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይሰርቃል። ናፍጣ አጠገብ ያደረ ቅቤ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ከሽንኩርት ጋር የዋለ ቅቤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የኮልፌ ገበያ ነጋዴ ከዱቄት ሳሙና ጋር በአንድ መኪና አስጭኖ ያመጣው ቅቤ መጨረሻው ምን እንደሆነ፣ ዛሬም ድረስ በቅቤ ተራ ይወራል። የሰውየው ስም ተረስቷል፤ ቅቤው ግን አልተረሳም።

ስለዚህ የቅቤ ተራ ሰዎች የራሳቸው ወግ አላቸው። ሽቶ አይቀቡም፣ ሎሽን አይነኩም፣ ሲጋራ የያዘ ደንበኛ ከመጣም ከደጅ ያስተናግዱታል። ዱባለ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት እጁን የሚታጠበው በሙቅ ውሃና በፉርሽካ ነው፤ ፉርሽካው የትናንቱን ስብ ሙልጭ አድርጎ ያነሳለታል፣ የራሱንም ሽታ አይተውበትም። ዓለም ባንክ ባለው ቤቱ፣ ባኞ ቤት ውስጥ ሁለት መደርደሪያ አለ። የላይኛው የልጁ የርሆቦት ነው፤ ሻምፖው፣ ሎሽኑ፣ ምኑ ቅጡ ተጨናንቆበታል። የታችኛው የእሱ ነው፤ አንድ ምላጭና አንድ ደረቅ ሳሙና ብቻ ተቀምጠውበታል።

አፍንጫው ደግሞ ለብቻው የሚወራ ነው። ከተጠቀለለበት የኮባ ቅጠል ጫፍ ትንሽ ቅቤ ቆንጥሮ በአይበሉባው ላይ ያሸዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸትተዋል፤ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። ላሟ ሳር ስትግጥ ከርማ ይሁን ፋጉሎ ስትበላ፣ ቅቤው ስንት ቀን መንገድ ላይ እንደቆየ፣ ሙዝ ወይም ዘይት የገባበት መሆን አለመሆኑን፣ ሁሉንም ያውቀዋል። ሃያ ዓመት ጎረቤቱ ሆና የኖረችው ነጋዴዋ ሃጂራ እንኳ፣ ምላሷ ስለት የሆነችው፣ አዲስ ጭነት ሲገባላት «ዱባለ፣ ና እስቲ አሽትትልኝ» ትለዋለች። ሃጂራ የምታከብረው ነገር ጥቂት ነው፤ የዱባለን አፍንጫ ግን ታከብራለች።

ያ ሁሉ ጥንቃቄ ታዲያ ቅቤውን ከሽታ አዳነው እንጂ ዱባለን ከቅቤ አላዳነውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ቅቤ ውስጥ የዋለ ሰው በፉርሽካ አይለቅም። ኮቱም፣ ባርኔጣውም፣ የአንገቱ ቆዳ ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይላል። ሟች ሚስቱ ዋጋነሽ የቅቤ ነጋዴ ልጅ ስለነበረች አንድም ቀን አንስታበት አታውቅም። እሷ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆኗል፤ ዱባለ መሽተቱን ያወቀውም ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ወጣት ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ያዘች። ትንሽ ቆየችና «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደች። ታክሲው ሲነሳ፣ ልጅቷ እዚያው ፌርማታ ላይ ሌላ ታክሲ ስትጠብቅ በመስኮት አያት። ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ እሱም አልተቀየማትም። ቤቱ ገብቶ ግን ኮቱን አወለቀና አሸተተው፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራው አፈረ።

ተናኘ ባትኖር ይህም ባልከፋ ነበር።

ተናኘ ቤቴል ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ፣ ባሏን በጊዜ ያጣች፣ አንድ ልጇን አማኑን በስፌት መኪና አሳድጋ ለሥራ ያበቃች የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። ረቡዕ ረቡዕ ክርና ቁልፍ ልትገዛ ወደ ኮልፌ ገበያ ትወጣለች፤ በዚያውም በዱባለ ሱቅ ታልፋለች። ቅቤዋን ትገዛለች፣ ትንሽ ትጫወታለች፣ ትሄዳለች። ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። እሁድ ደግሞ ሁለቱም የሚሄዱት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያ ግን ከሰላምታ አያልፉም።

ዱባለ ይወዳታል። ነገሩ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ልላክ፣ አልላክ እያለ ከራሱ ጋር ተሟግቷል። ድፍረቱ ሲመጣለት ያቺ የታክሲዋ ልጅ ትዝ ትለዋለች። ቀኑን ሙሉ በንጹህ ጨርቅ መሃል የምትውል ሴት፣ ቅቤ የተነከረ ሰው ቤቷ ገብቶ ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ፣ አልጋዋ አጠገብ ኮቱን ሲሰቅል ምን ትላለች? አንዴ ጉንፋን ይዟት ገበያ ሳትወጣ ስትቀር ቅቤዋን ቤቷ ድረስ ወስዶላት ነበር። በሩ ላይ ሆና «ይግቡ እንጂ ጋሽ ዱባለ፣ ሻይ ይጠጡ» አለችው። እሱ ግን «ታክሲ ቆሞብኛል» ብሎ ዋሸ። የቆመ ታክሲ ቀርቶ የሚያልፍም አልነበረም፤ አየር ጤና ድረስ በእግሩ ነው የተመለሰው።

በታኅሣሥ ወር ርሆቦት የመጀመሪያ ደመወዟን ተቀበለች። ቤቴል አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የተቀጠረችው። በመጀመሪያ ደመወዝ ለወላጅ አንድ ነገር ይገዛል፤ ወላጅም ተቀብሎ ይመርቃል። ዱባለ ሹራብ ይሆናል፣ ቢበዛ ጫማ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ልጁ ያመጣችለት ግን መልኩ ውሃ ሰማያዊ የሆነ አንድ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ነበር።

«ሽቶ?» አለ ዱባለ ጠርሙሱን ከራሱ አርቆ ይዞ።

«የወንድ ነው። ከባድ አይደለም አባዬ፣ ፍሬሽ ነው። ለኤቭሪዴይ የሚሆን። ተቀብቷል አያሰኝም፤ አሁን ገላውን ታጥቦ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ በየቀኑ ቅቤ ነጋዴ ነኝ።»

«እሁድስ? እሁድም ቅቤ ትሸጣለህ?»

እሁድ ቅቤ አይሸጥም። የመጀመሪያ ደመወዝ ስጦታ ደግሞ አይመለስም። ራሷን ስሞ መረቃት፤ እሷም እንዴት እንደሚቀባ አሳየችው። በሁለቱ የእጅ አንጓዎች ላይ አንድ አንድ ጊዜ፣ ከጆሮው ሥር ደግሞ አንድ ጊዜ። ዱባለ አንጓውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና እንደ ቅቤው ዓይኑን ጨፍኖ መረመረው። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ መጣ። ከሎሚው በኋላ ናና። ከሁሉም ሥር ዝናብ የመታው ሳር የሚመስል ነገር አለ። ማጭበርበሪያ ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘም።

«ባዕድ ነገር የለበትም» ብሎ ፈረደ። ርሆቦት በሳቅ ፈረሰች።

የመጀመሪያው እሁድ ላይ ተቀብቶ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ፕሮግራም አልቆ ሰው በግቢው ውስጥ ሲሳሳም ተናኘ ወደ እሱ መጣች። ለሰላምታ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ቅንድቧ ተነሳ።

«ጋሽ ዱባለ! ዛሬ ደግሞ ምን ተቀቡ?»

«ልጄ ናት እንግዲህ፤ የዛሬ ልጆች…» አለ፣ ፊቱ እየጋለ።

«ደስ ይላል» አለችና ፈገግ ብላ ሄደች።

ሁለት ቃል ናት። ዱባለ ግን ሳምንቱን ሙሉ ኖረባት። ሚዛን ላይ ሆኖ «ደስ ይላል»፣ ቅቤ ሲጠቀልል «ደስ ይላል»። ሃጂራ ሁለት ጊዜ ጠርታው ሳይሰማት ቢቀር «ምን ሆነህ ነው፣ ጆሮህን ሸጥከው እንዴ?» አለችው። በሚቀጥለው እሁድ ተቀባ፤ በሚቀጥለውም። የሽቶውን ጠርሙስ ከታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከምላጩ አጠገብ አስቀመጠው።

ጥር ሲገባ፣ አንድ እሁድ ተናኘ ወሬ ይዛ መጣች። ልጇ አማኑ ሊያገባ ነው። ሰርጉ የዛሬ ሳምንት ነው፤ ለድግሱ ቅቤ ያስፈልጋታል። «ረቡዕ እመጣለሁ፤ ራስዎ መርጠው ያዘጋጁልኛል። ለዚህ ሥራ የሌላ ሰው እጅ አላምንም» አለችው። ዱባለ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እግሩ መሬት አልነካም።

ረቡዕ ጠዋት እንደ ልማዱ በሙቅ ውሃና በፉርሽካ ታጠበ። ንጹህ ኮት ለበሰ። ከባኞ ቤት ሊወጣ ሲል ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። ዛሬ ተናኘ የምትመጣው ለአምስት ደቂቃ አይደለም፤ ቅቤው እስኪመረጥ፣ እስኪመዘን፣ እስኪጠቀለል ከአንድ ሰዓት በላይ አጠገቡ ትቀመጣለች። «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?» አለ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲል ቢሰማ ኖሮ ከቅቤ ተራ በአንገቱ ይዞ ባስወጣው ነበር። ፕስስ፣ ፕስስ፣ ከጆሮው ሥርም ፕስስ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠበቀ ሙያ በሦስት ፕስስ ተረሳ። ፍቅር ይዞት ነውና ምን ይደረጋል።

ሌላ ቀን ቢሆን ሃጂራ ከሩቅ ታሸትተው ነበር። የዚያን ቀን ግን ከባድ ጉንፋን ይዟት ሻርፗን እስከ ዓይኗ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ እንኳን ሽቶ ጭስም አይሸታት። የዱባለ የራሱ አፍንጫ ደግሞ ገና ታክሲ ውስጥ እያለ ሽቶውን ለምዶት ዝም ብሏል። ያ ለሰው ሁሉ የሚመሰክር አፍንጫ ለባለቤቱ ሳይነግረው ቀረ።

ተናኘ ረፋዱ ላይ መጣች፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ አዘዘች። ዱባለ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። የራሱ አልበቃ ብሎት ከተራው ነጋዴ ሁሉ የተሻለ የተሻለውን ለቅሞ አመጣ። እያንዳንዱን ኪሎ በገዛ እጁ አሸው፤ አሬራው ጠብ ብሎ እስኪያልቅ እየጨመቀ፣ እያገላበጠ፣ አንጓው ድረስ ቅቤው ውስጥ ገብቶ ሠራው። ከዚያ በአዲስ ኮባ እየጠቀለለ በቃጫ አሰረው። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሙሽራው ሱፍ ታወራለታለች። ዱባለ ከዋጋነሽ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አሸተታቸው፤ ሁሉም ንጹህ መሰሉት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ዱባለ፣ እስቲ ቤት ድረስ ይምጡልኝ» አለች ተናኘ። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ አልነበረም።

ሱቁን ለሃጂራ አደራ ሰጥቶ በረረ። ቤቴል ደርሶ የተናኘ በር ጋ ገና ሲጠጋ አፍንጫው ነገሩን ነገረው። የዚያን ቀን አልተቀባም፤ አፍንጫው ወደ ልቡ ተመልሷል። ከግቢው ውስጥ የኮረሪማ፣ የኮሰረትና የአብሽ ሽታ ይወጣል። በመካከላቸው የሎሚ ልጣጭ፣ ናናና ዝናብ የመታው ሳር አለ። በሩን ገፍቶ ገባ።

ግቢው ውስጥ ሰባት ስምንት ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። ትልቅ ድስት ተጥዷል። ድስቱ አጠገብ ማማሰያዋን እንደ ዱላ ይዛ የቆመችው የተናኘ ታላቅ እህት ሰርኬ ናት፤ የቤተሰቡ ድግስ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው።

«መጡልኝ!» አለች ሰርኬ። «ይኼ ቅቤ ነው ወይስ ፀጉር ቤት? አርባ ዓመት ቅቤ ሳነጥር እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም። የገዛ አፌ ነው ለእህቴ ‹ከዱባለ ግዢ፣ ሰውየው ታማኝ ነው› ያለው! ምን ቀላቅለውበት ነው?»

ቀላቅለው! ቅቤ ነጋዴን ከዚህ በላይ የሚያዋርድ ቃል የለም። ወሬው ከዚህ ግቢ ወጥቶ ኮልፌ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተገነባ ስም በአንድ ድስት ያልቃል። ሰርጉ ደግሞ እሁድ ነው። በሰርግ ወራት አሥራ ሁለት ኪሎ ንጹህ ለጋ ቅቤ በሁለት ቀን ማግኘት እንደማይቻል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ተራው ውስጥ የነበረውን ደህና ደህናውን ትናንት ራሱ ጠርጎ ወስዶታል፤ የሚቀጥለው ጭነት የሚገባው ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ነው።

ማመካኛ አልጠፋም ነበር። ሾፌሩ ከሳሙና ጋር ጭኖት ነው ማለት ይችላል። ኮባው ነው፣ አቅራቢዎቹ ናቸው ቢል ማን ያጣራል? አፉ ድረስ መጣለት። ቀና ሲል ግን ተናኘ የቤቱ በረንዳ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ለመዋሸት አልቻለም።

«ምንም አልቀላቀልኩም» አለ። «ቅቤው ንጹህ ነው። ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው። ሽቶ ተቀብቼ ነው ያሸሁት።»

«ቅቤ ነጋዴ ሽቶ ተቀብቶ?» ሰርኬ ማማሰያዋን አወረደች። «ምን ነካዎት?»

ሴቶቹ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቆሙ። ዱባለ ባርኔጣውን አወለቀና በሁለት እጁ ያዘው።

«ወይዘሮ ተናኘ እንደሚመጡ ስለማውቅ ነው» አለ። «ሁልጊዜ ቅቤ ቅቤ እሸታለሁ። ለእሳቸው ስል አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ልሽተት ብዬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ልጠይቃቸው እያሰብኩ በዚህ የቅቤ ሽታዬ አፍሬ ተውኩት። የልጃቸውን ሰርግ ላበላሽ ግን አስቤ አይደለም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬውኑ ሳሪስም ሆነ መርካቶ፣ ሌላም ቦታ ሄጄ…»

ተናኘ ፊቷ ምን እንደሚል ሳይታወቅ ዞር ብላ ወደ ቤት ገባች። ዱባለ የገባችበትን በር እያየ ቀረ። አበቃ፣ አለ በልቡ። ቅቤውም አበቃ፣ ስሙም አበቃ፣ እሷም ሄደች። እንደዚያ ያለ ሐዘን የተሰማው ዋጋነሽን ቀብሮ ሲመለስ ነበር።

«ጋሽ ዱባለ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። «ወደዚህ ይግቡ!»

ጫማውን ጠርጎ ገባ። ሳሎኑ ንጹህ ነው፤ በአንድ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ በሌላ በኩል የተደረደሩ ሰማያዊ ዩኒፎርሞች። ተናኘ ጥግ ላይ ካለው ፍሪዘር አጠገብ ቆማለች። ክዳኑን ብድግ አደረገችው።

ፍሪዘሩ እስከ አፉ በኮባ ጥቅል ተሞልቷል። ግማሽ ግማሽ ኪሎ፣ በቃጫ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ በጎን የታሰረ። ዱባለ የራሱን ቋጠሮ የትም ቢያየው ያውቀዋል። ሁሉም የእሱ ናቸው፤ አንዱም አልተፈታም።

«ይኼ ሁሉ…?» አለ።

«እኔ እንደሚያውቁት ከአንድ ልጅ ጋር ነው የምኖረው፤ እሱም ምሳና ራቱ ውጭ ነው። ሐኪም ደግሞ ቅባት ቀንሺ ካለኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ለምን ይገዛሉ?»

ተናኘ ሳቀች። እንደ ልማዷ አፏን አልሸፈነችም፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

«ክርና ቁልፍ እኮ ቤቴልም ሞልቷል ጋሽ ዱባለ። ረቡዕ ረቡዕ ወደ ሱቅዎ ለመምጣት ሌላ ምን ምክንያት ነበረኝ?»

ዱባለ እጁን ወደ ፍሪዘሩ ሰዶ አንዱን ጥቅል አወጣ፤ የኮባውን ጫፍ ገልጦ ቆነጠረ፣ በአይበሉባው ላይ አሽቶ አሸተተ። ለማረጋገጥ ደግሞ አሸተተው። በረዶው ጠብቆታል። ንጹህ ለጋ፣ ያለ ምንም ባዕድ ነገር።

«ይበቃል» አለ። «ለሰርጉ ይበቃል፤ ይተርፋልም።»

ሰርኬ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እህቷን አየች፣ ፍሪዘሩን አየች፣ ዱባለን አየች። «እኔ ደግሞ በየበዓሉ ‹ቅቤ አለሽ ወይ?› ስልሽ ‹የለኝም› ትይኝ ነበር!» አለች ተናኘን፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ከዚያ ወደ ግቢው ተመልሳ ያልተነጠረውን የትናንቱን ቅቤ አንዱን ጥቅል ፈታችና በጣቷ ዛቅ አድርጋ አሸተተች። አሁን ስታሸትተው ፊቷ ተለወጠ። «ለወጥ አይሆንም እንጂ ለራስ ቅቤ ከሆነማ ይኼ የት ይገኛል!» ብላ ሻሿን ፈታ መሃል አናቷ ላይ መረገችው። ሌሎቹም ተሻሙበት።

እሁድ የሰርጉ ወጥ እንከን አልወጣለትም። የሙሽራው አክስቶች በሙሉ ግን ሹሩባቸው የወንድ ሽቶ ይሸት ነበር። ርሆቦት ከአባቷ ጋር ተጠርታ መጥታ፣ በሰላምታ አንዷን አክስት ስማ ሌላዋን ስትስም ግራ ገባት፤ አባቷን ዞር ብላ አየችው። ዱባለ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

ሙሽሮቹ ሊሸኙ ሲሉ ተናኘ ወደ ተቀመጠበት መጣች። ያን ዕለት ጥቂት ተቀብቶ ነበር፤ እሁድ ነውና።

«ሽቶው ጥሩ ነው» አለችው። «መጀመሪያ ቀን ሲሸተኝ ደስ ያለኝ ግን በሽቶው አልነበረም። ይኼ ሰው ለአንድ ሰው ብሎ ነው የተቀባው፣ ያ ሰው እኔ ብሆን ብዬ ነው። እስቲ ነገ ከሥራ ሲወጡ ቤት ይምጡ።»

«እሺ። ቤት ገብቼ ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ…»

«ከሥራ በቀጥታ ነው ያልኩት» አለች ተናኘ።

ሰኞ ዱባለ የዋለበትን ኮት እንደለበሰ ታክሲ ያዘ። ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያራግፍ ስለዋለ ከወትሮው የበለጠ ይሸት ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ አመነታ፤ ግን አንኳኳ። ተናኘ ከፈተች፤ አስገባች፤ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው። ልጇ አግብቶ የወጣበት ቤት ጸጥ ብሏል። ራት ስታቀርብ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ፊቱ ቆመች፤ እሱም እጁን ዘረጋ። ያፈሰሰችው ውሃ ከስባሙ እጁ ላይ እየተንከባለለ ማስታጠቢያው ውስጥ ወረደ፤ እጁን አላረጠበውም ማለት ይቻላል። ደግማ አፈሰሰች።

«ተናኘ» አለ ዱባለ፣ ወይዘሮ የሚለውን ትቶ። «ሽማግሌ ልላክ?»

«ይላኩ» አለች። «አማኑም ሰርኬም ሰምተዋል፤ እየጠበቋቸው ነው።»

ትከሻዋ ላይ የነበረውን ፎጣ አንስታ ዘረጋችለት። ነጭ ነው፣ አዲስ፣ ጠርዙን ራሷ የሰፋችው። ዱባለ እጁን አየ፣ ፎጣውን አየ፣ ወደ ኋላ አለ።

«ይጥረጉበት እንጂ» አለችው።

ዱባለ እጁን በነጩ ፎጣ ጠረገ።